የነጋዴው መረጃ አማና ነው፦ የግብር ፋይላችንን ማን ይጠብቀዋል?



ሐምሌ ሲገባ አዘዞ ላይ ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ወፍጮ ወይም መጋዘን ያለው ሰው ወደ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ይሰለፋል፣ ፋይሉ ከመደርደሪያ ይወጣል፣ የሚከፍለው ይነገረዋል፣ ከፍሎ ደረሰኙን ይዞ ይመለሳል። ቤት ሲደርስ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት አስከፈሉህ?»። ስለ ግብሩ መጠን ብዙ ተወርቷል። ዛሬ የምንጽፈው ግን ከብሩ ጋር አብሮ ስለሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ ስለ መረጃው። ብሩ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል፣ ለዚያም ደረሰኝ አለን። ስማችን፣ ስልካችን፣ አሻራችንና የቀን ሽያጫችንስ የት ይቀመጣል? ማን ያየዋል? ቢወጣስ ማን ይጠየቃል? ለዚህኛው ደረሰኝ የለንም።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «የኮምፒውተር ባለሙያ ጉዳይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ የመረጃ ደኅንነት ከማሽኑ በፊት የሰው ጉዳይ ነው። መንግሥት ማንን ቀጠረ? ስንት ሰው መደበ? አሠለጠነ ወይ? ሲያጠፋ ይጠይቃል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ እስካላገኙ ድረስ የትኛውም ውድ ሲስተም የነጋዴውን ምሥጢር አይጠብቅም።

ፋይሉ ውስጥ ምን አለ?

በቅድሚያ የሰጠነውን እንቁጠር። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ በተለምዶ ቲን የምንለው፣ አሥር አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። እሱን ለማውጣት ሰው ስሙን፣ ፎቶውን፣ አድራሻውን፣ ስልኩንና የጣት አሻራውን ይሰጣል። ንግድ ፈቃድ ሲያወጣ ካፒታሉን ያስመዘግባል። ሱቁ የኪራይ ከሆነ የኪራይ ውሉ ይያያዛል፤ እዚያ ላይ ደግሞ የአከራዩ ስምና የኪራዩ መጠን አለ። ሠራተኛ ካለው የሠራተኞቹ ስምና ደመወዝ ይገባል። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ያለው ሰው የሽያጭ መረጃው ወደ ገቢዎች ቋት ይተላለፋል። ማሽን የሌለው ደግሞ ባለሙያ መጥቶ ሱቁን አይቶ የቀን ገቢውን ይገምትለታል።

ከዚህ ላይ ፋይዳ ተጨምሯል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ ሲመዘገብ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለቱ ዓይኖች ምስልና የፊት ፎቶ ይወሰዳል። ይህ መታወቂያ ከባንክ ሒሳብና ከልዩ ልዩ የመንግሥት አገልግሎቶች ጋር እየተሳሰረ ነው። መሳሰሩ ጥቅም አለው፤ አንድ ሰው በሁለት ስም እንዳይነግድ፣ ሐሰተኛ ደረሰኝ እንዳይሸጥ ይረዳል። ነገር ግን ቀድሞ በየቢሮው ተበታትኖ የነበረው መረጃ በአንድ ቁጥር ሥር ሲሰበሰብ፣ አንዱ በር ከተከፈተ ብዙ ክፍል ይከፈታል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ አሻራ ግን አይቀየርም።

የገቢ ግብር ሕጉም ተቀይሯል። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ደረጃ ሐ የሚባለውን አስቀርቶ ግብር ከፋዮችን በሁለት ደረጃ ከፍሏል። አከፋፈሉ ሲቀየር ማን የት እንደሚገባ ለመወሰን የሽያጭ መጠን እንደገና ይጠየቃል፣ እንደገና ይመዘገባል። የሚሰበሰበው መረጃ እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም።

ለአዘዞ ነጋዴ ጉዳዩ ለምን ይከብዳል?

አዘዞ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳርና ወደ መተማ የሚወስዱት መንገዶች የሚለያዩባት፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ያለባት የንግድ መተላለፊያ ናት። እህልና ሰሊጥ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ የግንባታ ዕቃ በእርሷ በኩል ያልፋል። በእንዲህ ያለ ቦታ ነጋዴው ከነጋዴው ጋር ይተዋወቃል፤ በቢሮው መስኮት ጀርባ የተቀመጠውም ሠራተኛ የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። ይህ መተዋወቅ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ወረቀት ከፋይል ቢወጣ በአንድ ቀን ሰፈሩን ሊያዳርስ ይችላል ማለትም ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነው። ባለፉት ዓመታት በጎንደርና በአካባቢዋ ሰውን አግቶ ገንዘብ መጠየቅ የብዙ ቤተሰብ ስጋት ሆኗል። አጋች ከመሣሪያው በፊት የሚፈልገው መረጃ ነው፤ ማን ምን ያህል አለው? ቤቱ የት ነው? ስልኩ ስንት ነው? እነዚህ ሦስቱም መልሶች በአንድ የግብር ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እዚህ ላይ ግልጽ እንሁን። የተፈጸመ እገታ ከግብር ቢሮ በወጣ መረጃ ነው አላልንም፤ ማስረጃ የሌለው ክስ በደል ነው። የምንለው፣ እንዲህ ባለ ጊዜ የነጋዴ ፋይል ተራ ወረቀት አለመሆኑን ነው። ድሮ የፋይል መውጣት የሚያስከትለው ሐሜት ወይም የንግድ ኪሳራ ነበር። ዛሬ የሰው ሕይወት ሊነካ ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመጠበቅ መብት ይደነግጋል። በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበትና ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን ተጠያቂ እንደሚሆን ያስቀምጣል። ብዙ ጊዜ አንዱን ከሌላው ለይተን እናነባቸዋለን። በግብር ጉዳይ ግን አብረው ነው የሚሠሩት፤ አንዱ መረጃው የእኛ መሆኑን፣ ሌላው የሚይዘው ሰው ለእኛ መልስ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይነግረናል።

የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የታክስ ሠራተኛ በሥራው ያወቀውን የግብር ከፋይ መረጃ በምሥጢር እንዲይዝ ያስገድዳል። ግዴታው ለቋሚ ሠራተኛ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ በኮንትራት የሠራውንና ሥራውን የለቀቀውንም ይጨምራል። ሕጉ በግልጽ የፈቀደላቸው አካላት፣ ለምሳሌ ፍርድ ቤት፣ ሊያዩት ይችላሉ፤ ከዚያ ውጪ መስጠት በወንጀል ያስጠይቃል።

አዲሱና ሰፊው ሕግ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዋና ሐሳቦቹን በቀላል አማርኛ እንዲህ ልናስቀምጣቸው እንችላለን። መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማ ነው፣ ለሌላ ዓላማ አይውልም። ከሚያስፈልገው በላይ አይሰበሰብም። ትክክል መሆን አለበት፣ ስሕተት ካለበት ባለቤቱ የማሳረም መብት አለው። ሰብሳቢው ተገቢውን ጥበቃ ያደርጋል። መረጃው ቢወጣ ወይም ቢጠፋ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። አሻራን የመሰለ የሰውነት መለያና የሰው ሃይማኖት ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻ መረጃ ተብለው ተለይተዋል።

አንድ ነገር መለየት ይገባል። በሕገ መንግሥቱ መሠረት በክልሉ ውስጥ የሚነግድን ግለሰብ ነጋዴ ግብር የሚሰበስበው ክልሉ ነው። ስለዚህ የአዘዞ ባለሱቅ ፋይል ያለው አዲስ አበባ ሳይሆን በከተማው የገቢዎች መዋቅር ነው፤ በላዩ የአማራ ክልል ገቢዎች ቢሮ አለ። ክልሉም የራሱ የግብር ሕጎች አሉት። «ገቢዎች» ስንል በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ከሚኒስቴር እስከ ክፍለ ከተማ የተዘረጋ ብዙ ቢሮ ነው። ተጠያቂነትም በዚያው ልክ ከላይ እስከ ታች መዘርጋት አለበት። አዲስ አበባ ላይ የተገዛ ጥሩ የጥበቃ ሲስተም ክፍለ ከተማ ላይ ያለ ያልተቆለፈ የፋይል መሳቢያን አይዘጋም።

ሌላው ቁም ነገር የፈቃድ ጉዳይ ነው። አንድ ባንክ ምሥጢራችንን ቢያወጣ ባንክ እንቀይራለን። አንድ ሱቅ ስልካችንን ለሌላ ቢሰጥ ደንበኝነታችንን እናቋርጣለን። ገቢዎች ግን አንድ ነው። «መረጃዬን አልሰጥም» ማለት አይቻልም፤ ግብር የሕግ ግዴታ ነው። በግዴታ የተወሰደ አማና በፈቃድ ከተሰጠው የከበደ እንጂ የቀለለ አይደለም፤ ባለቤቱ መምረጫ አልነበረውምና።

መረጃ የሚወጣው በማን በኩል ነው?

«ሀከር» ሲባል ከውጭ አገር በሌሊት የሚሰብር ሰው ይታየናል። እንዲህ ያለ ጥቃት በእውነት አለ። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. የቡልጋሪያ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ተሰብሮ፣ 7 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባላት አገር ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መረጃ ወጥቷል። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን ዝም አላለም፤ መሥሪያ ቤቱን ራሱን 5.1 ሚሊዮን ሌቫ ቀጣው። የመንግሥት ተቋም የመንግሥትን ቢሮ ሲቀጣ ማየት ለእኛ እንግዳ ሊሆን ይችላል። የተጠያቂነት ትርጉሙ ግን ይኸው ነው።

ይሁንና ብዙ ትምህርት የሚሰጡት በር ሳይሰበር የወጡት ናቸው። በጥቅምት 2000 ዓ.ም. የብሪታንያ የገቢዎችና ጉምሩክ መሥሪያ ቤት የ25 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ የያዙ ሁለት ሲዲዎችን ለኦዲት መሥሪያ ቤት በተራ መልእክት ላከ። ሲዲዎቹ አልደረሱም። ውስጣቸው የወላጆችና የልጆች ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀንና የባንክ ሒሳብ ነበረበት። መጀመሪያ ጥፋቱ በአንድ ዝቅተኛ ሠራተኛ ላይ ተጣለ። በኋላ የተደረጉት ምርመራዎች ያገኙት ግን ሌላ ነው፤ ሠራተኞቹ በቂ ሥልጠና አልነበራቸውም፣ የመረጃ ጥበቃ ባለቤት አልነበረውም፣ በ1997 ዓ.ም. ሁለት መሥሪያ ቤቶች ተዋሕደው የተፈጠረው ተቋምም ሠራተኛ እየቀነሰ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሊቀመንበር ሥልጣኑን ለቀቀ። ልብ በሉ፤ የለቀቀው ሲዲውን ያሸገው ልጅ ሳይሆን የተቋሙ አለቃ ነው።

በአሜሪካም እንዲሁ በኮንትራት የሚሠራ አንድ ሰው የፕሬዚዳንቱንና የሺዎች ባለሀብቶችን የግብር መረጃ አውጥቶ ለጋዜጠኞች ሰጠ። በጥር 2016 ዓ.ም. 5 ዓመት እስር ተፈረደበት። ሲስተሙ አልተሰበረም፤ ቁልፉን የሰጡት ሰው ነው ያወጣው።

የቅርባችንን እንመልከት። በመጋቢት 2016 ዓ.ም.፣ በረመዷን ወር፣ በአንድ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ወጣ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ፣ ችግሩ ከራሱ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። ቀጥሎም ገንዘቡን ያልመለሱ ከ500 በላይ ሰዎችን ስምና ፎቶ ይፋ አደረገ። የሰው ገንዘብ መመለስ ግዴታ ነው፤ በዚህ ክርክር የለንም። ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ቀሩ። የደንበኛን ፎቶ አውጥቶ መለጠፍን ማን፣ በየትኛው ሕግ ፈቀደ? ብር የወሰደው ተማሪ ፎቶው ሲለጠፍ፣ ሲስተሙ ላይ ኃላፊ የነበረው ሰውስ ለሕዝብ ምን መልስ ሰጠ? የዳታ ጥበቃ አዋጁ የጸደቀው ከዚህ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነው። ቢቀድም ኖሮ ጥያቄዎቹን የምናቀርብበት ቦታ ይኖረን ነበር።

የሠራተኛው ነገር

ከላይ ያየናቸው ጉዳዮች ወደ አንድ ቦታ ይወስዱናል፤ ወደ ሠራተኛ ቅጥርና ምደባ። በመምህርነት በቆየንባቸው ዓመታት የምናውቀውን አንድ ምሳሌ እንስጥ። የተማሪ ውጤት ከመምህሩ የውጤት መዝገብ ወደ ክፍል ኃላፊው ሮስተር፣ ከዚያ ወደ ሪከርድ ክፍል ይሄዳል። መምህሩ ይፈርማል፣ የክፍል ኃላፊው ይፈርማል፣ ሪከርዱ ያመሳክራል። አንድ ቁጥር ቢሰረዝ በማን እጅ እንደተሰረዘ ይታወቃል። ይህን የሚያስገኘው ኮምፒውተር ሳይሆን የተለያዩ ሦስት ሰዎች መኖራቸው ነው። ሦስቱን ሥራ አንድ ሰው ቢሠራው፣ ያ ሰው መልአክ ካልሆነ በቀር፣ ውጤቱ አይታመንም።

በግብር ቢሮም እንደዚሁ ነው። መዝጋቢው፣ ገማቹ፣ ሰብሳቢውና ቅሬታ ሰሚው የተለያዩ ሰዎች መሆን አለባቸው። የሰው ኃይል ሲጎድል ሥራዎቹ ይደራረባሉ። በአንዱ ሠራተኛ ስም የተከፈተውን ሲስተም ሌላው «ሥራ እንዳይቆም» ብሎ ይጠቀምበታል። የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ጠረጴዛ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ መረጃ ቢወጣ ማን እንደከፈተው ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የተጓደለ የሥራ መደብ የአገልግሎት መዘግየት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የደኅንነት ቀዳዳም ነው።

ሁለተኛው የብቃት ጉዳይ ነው። በሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የተቀጠሩ ሠራተኞች ጉዳይ በአገራችን ለዓመታት መነጋገሪያ ሆኖ ቆይቷል፤ መንግሥት ራሱም ማስረጃ የማጣራት ሥራ ሠርቷል። ወደ ሥራው የገባው በተጭበረበረ ወረቀት ከሆነ የሌላውን ወረቀት እንዲጠብቅ እንዴት ይታመናል? በዘመድ ወይም በወገንተኝነት የተመደበ ሰውም ከዚህ አይርቅም፤ ታማኝነቱ ላስገባው ሰው እንጂ ለሕዝቡ አይሆንም።

ሦስተኛው ኑሮ ነው። ከ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በፊት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 6,940 ብር ነበር፤ በማሻሻያው 11,500 ብር ሆኗል። ጭማሪው መልካም ነው። ግን በዚህ ደመወዝ የሚኖር ወጣት በመሳቢያው የያዘው የሚሊዮኖችን ፋይል መሆኑን አንርሳ። ድህነት ለክህደት ምክንያት አይሆንም፤ በትንሽ ደመወዝ አማናውን ጠብቆ የሚኖር ሠራተኛ ብዙ ነው። ቀጣሪው ግን ሰውን ለፈተና አሳልፎ ሰጥቶ ሲወድቅ ብቻ መቅጣት የለበትም።

በዩሱፍ (ዐለይሂ ሰላም) ታሪክ የምናውቀው ነገር አለ። የግብጽን ግምጃ ቤት እንዲይዝ ሲጠይቅ ያቀረበው የራሱን ሁለት ባሕርያት ነበር፤ መጠበቁንና ማወቁን። ቅጥር በእነዚህ ሁለት መስፈርቶች ቢመዘን ብዙ ችግር ይቀል ነበር። የሚያውቅ ግን የማይጠብቅ ሰው መረጃውን ይሸጠዋል። የሚጠብቅ ግን የማያውቅ ሰው ሳያውቅ ያፈሰዋል።

የተሳሳተ መረጃም በደል ነው

የመረጃ ደኅንነት መውጣትና አለመውጣት ብቻ አይደለም። በፋይሉ የተጻፈው ነገር ሐሰት ቢሆንስ? በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የሆነውን ብዙ ነጋዴ ያስታውሰዋል። ለአነስተኛ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት ወጥቶ ሐምሌ ላይ ሲነገራቸው በአዲስ አበባ ከፍተኛ ቅሬታ ተነሣ፤ በበርካታ የኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። ነጋዴው የተቆጣው ግብር መክፈልን ስለጠላ ብቻ አልነበረም። ባለሙያ ገብቶ ለጥቂት ጊዜ አይቶ የጻፈው ቁጥር ከእውነተኛ ሽያጩ ጋር አልገጥምለት ብሎ ነው።

በዚያ ጊዜ «መረጃዬን አሳዩኝ፣ ስሕተቱን አርሙልኝ» የሚል መብት በግልጽ የሰፈረበት የዳታ ሕግ አልነበረም። ዛሬ አለ። አንድ ሰው በፋይሉ ምን እንደተጻፈ ማየት፣ የተሳሳተውንም ማሳረም ይችላል። ግን ይህንንም የሚፈጽመው ሠራተኛ ነው። ግምቱን የጻፈውና ቅሬታውን የሚሰማው አንድ ሰው ከሆነ መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ፋይል ሲጠፋስ?

ሌላም አደጋ አለ፤ የሰነድ መጥፋት። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜንና በደቡብ ወሎ፣ በዋግ ኽምራም በርካታ የመንግሥት ቢሮዎች ተዘርፈዋል፣ ሰነዶችም ወድመዋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭቱ ሲጀመር ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው ወደ ወረቀት ይመለሳል፤ ወረቀቱ ሲቃጠል ግልባጭ የለውም።

ግብሩን ከፍሎ ማስረጃው የጠፋበት ነጋዴ ድጋሚ ክፈል ቢባል በምን ይከራከራል? ደረሰኙን ቤቱ ያስቀመጠ ይከራከራል። ያላስቀመጠ በሠራተኛው ምሕረት ሥር ይወድቃል። ስለዚህ መረጃን በሌላ ቦታ በግልባጭ መያዝ የቢሮው ግዴታ ነው፤ ደረሰኝን በጥንቃቄ መያዝ ደግሞ የእኛ።

ማንን፣ ምን ብለን እንጠይቅ?

ተጠያቂነት ቁጣ አይደለም፤ በአደብ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ገቢዎች ጽሕፈት ቤቶች ከነጋዴው ጋር ስብሰባ ሲጠሩ ሁልጊዜ ስለ ግምት ብቻ ከመጨቃጨቅ እነዚህንም እናንሣ።

1. የእያንዳንዳችንን ፋይል ስንት ሠራተኛ መክፈት ይችላል? ማን መቼ እንደከፈተውስ ይመዘገባል?

2. ከተፈቀዱት የሥራ መደቦች ስንቱ ሰው አለበት፣ ስንቱ ክፍት ነው? በሐምሌ የሥራ ጫና ጊዜ በጊዜያዊነት የሚመጡ ሰዎች ካሉ የምሥጢር ግዴታውን ፈርመዋል?

3. ሥራ የለቀቀ ወይም የተዛወረ ሠራተኛ የሲስተም መግቢያው በዚያው ቀን ይዘጋል?

4. መረጃ ቢወጣ ለነጋዴው ማን፣ በስንት ቀን ይነግረዋል?

5. ለእኅቶቻችን አሻራና ፎቶ የምትወስድ ሴት ባለሙያ ተመድባለች?

ቢሮው መልስ ካልሰጠ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የሠራተኛ ብዛትና የአሠራር ሥርዓት የማንም የግል ምሥጢር አይደለም። እንቢ ከተባለ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ ባሕር ዳር ላይም ቅርንጫፍ አለው። የግል መረጃው ያለ አግባብ የወጣበት ሰው ወደ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቤት ማለት ይችላል። መረጃ የሸጠ ሠራተኛ ካለ ጉዳዩ ለፖሊስና ለክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው። የክልሉ ዋና ኦዲተርም ሲመረምር ጉድለት ያለበትን ብር ብቻ ሳይሆን ጥበቃ የጎደለውን መረጃም እንዲያይ ምክር ቤቱ ሊጠይቅ ይገባል።

የእኛስ ድርሻ?

መንግሥትን ስንጠይቅ የራሳችንንም በር እንይ። ቲን የተጻፈበትን ወረቀትና መታወቂያን ፎቶ ኮፒ ቤት ረስቶ መሄድ የተለመደ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ የይለፍ ቃላችንን ይዞ ለዓመታት ይቆያል፤ ስንለያይ አንቀይረውም። ሰነዳችንን በቴሌግራም ለማናውቀው ጉዳይ አስፈጻሚ እንልካለን። ከገቢዎች ነኝ ብሎ ለደወለ ሰው በስልክ የመጣልንን የምሥጢር ቁጥር እንነግራለን። ከእነዚህ አንዱንም መንግሥት ሊዘጋልን አይችልም።

ደግሞም መረጃዬ እንዳይወጣ በሚል ሽፋን ገቢን መደበቅ አይገባም። ትክክለኛውን አስመዝግቦ ጥበቃውን አጥብቆ የሚጠይቅ ነጋዴ ቃሉ ይሰማል። ራሱ የደበቀ ግን ጥያቄውን የሚያነሣበት አፍ የለውም።

በመጨረሻ በየገቢዎች ቢሮ ለምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች አንድ ቃል። ጎረቤታችሁ «የእገሌን ፋይል እስቲ እይልኝ» ሲላችሁ፣ ዘመድ ሲጠይቃችሁ፣ አለቃ ያለ ደብዳቤ ሲያዛችሁ፣ እንቢ ማለት ይከብዳል። ሕጉ ግን ከጎናችሁ ነው፤ ያለ ሕጋዊ ደብዳቤ አለመስጠት መብታችሁም ግዴታችሁም ነው። ቢሮውም እንቢ ያለውን ሠራተኛ ከመቀጣት ሊጠብቀው ይገባል። የሚመጣው ሐምሌ ሳይደርስ በየጽሕፈት ቤቱ ይህን የሚያረጋግጥ የተጻፈ አሠራር ወጥቶ በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ከነስልክ ቁጥሩ፣ ነጋዴውም ሠራተኛውም ይጠቀማሉ።

ወላሁ አዕለም።